ቦታ ለሁለት ለመክፈል የቀያሽ ዋጋ ይህን ያህል የሚለያየው ለምንድነው?

ባለ600ካሬ
ሰላም ለቤቱ። እኔና እህቴ የጋራ ቦታ አለን። ካርታው ላይ 20 በ30 ነው፣ 600 ካሬ። ለሁለት ከፍለን የየራሳችንን ቤት መስራት ፈልገን ሁለት ቀያሾችን ዋጋ ጠየቅን። የአንደኛው ዋጋ የሌላኛውን ሦስት እጥፍ ሆኖ አረፈው። ሦስት እጥፍ! ርካሹ «መጥቼ ለክቼ ችካል ተክዬ እሄዳለሁ፣ ግማሽ ቀን አይፈጅም» አለን። ውዱ ደግሞ መጀመሪያ የድሮውን ወሰን ላጣራ፣ አዋሳኞች ይጠሩልኝ፣ ከዚያ ረቂቅ ላውጣ፣ ረቂቁ ሲፀድቅ ችካል... እያለ ዝርዝሩን ያስረዝመዋል። እህቴ «ሊበላን ነው» ትላለች። ቦታው ባዶ ነው፣ ፊቱ መንገድ፣ ሦስቱ ጎን የጎረቤት አጥር። ወደ ኋላ ትንሽ ይወርዳል። የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ፣ ለዚህች ቦታ ያ ሁሉ ጣጣ ያስፈልጋል?

ገመድና_ሜትር
ለአራት ማዕዘን ቦታ ቀያሽ ምን ያደርግልሃል ወንድሜ? የ50 ሜትር ሜትር ግዛ፣ አንዱን ጫፍ እህትህ ትያዝልህ። ጎኖቹን ለካ፣ ከዚያ ከጥግ እስከ ጥግ ሰያፉን በሁለቱም አቅጣጫ ለካ። 20 በ30 ጥጉ ቀጥ ያለ ከሆነ ሁለቱም ሰያፍ 36 ሜትር ከ6 ሳንቲም ይመጣል። ከመጣ ቦታህ ልክ ነው። መሃሉን ይዘህ ክር ወጥር፣ አለቀ።

የችካል_ሰው
ቀያሽ ነኝ። ስለዚህ ለራሱ ኪስ ይከራከራል ብትሉኝ አልቀየምም።

@ገመድና_ሜትር የሰያፉ ነገር እውነት ነው፣ እኛም ለማጣሪያ እንጠቀምበታለን። ግን የሚነግርህ አጥሮቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን ብቻ ነው። አጥሩ በወሰኑ ላይ መቆሙን ሜትር ከየት ያውቃል? ጎረቤት ድሮ ግንብ ሲያቆም 40 ሳንቲም ገብቶ ከሆነ፣ አንተ የምትከፍለው የተሳሳተውን ቦታ ነው።

@ባለ600ካሬ ብዙ ሰው የቅየሳ ዋጋ በካሬ የሚሰላ ይመስለዋል። 600 ካሬም ሆነ 1,000 ካሬ፣ አራት ጥግ ካለው ልፋቱ ተቀራራቢ ነው። ዋጋውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የነጥቦች ብዛትና እነሱን ለማግኘት ያለው ድካም ነው። ቦታህን በቀጥታ መስመር ለሁለት ከከፈልከው ሁለት አዲስ ነጥብ ይጨመራል። ለኋለኛው ቦታ መግቢያ መንገድ ከተውክ ሦስት ይሆናል፦ አንዱ ፊት ለፊት መንገዱ ላይ፣ አንዱ መስመሩ የሚታጠፍበት ውስጥ ላይ፣ አንዱ ጎን አጥሩ ላይ። አራቱን የድሮ ጥጎች ጨምርበት፣ እነሱም ይጣራሉና።

ከዚያ ደግሞ አንተ የማታየው ስራ አለ። የድሮውን ፕላንና መዝገብ ማውጣት፣ ኮኦርዲኔቱ (የት እንዳለ የሚናገረው ቁጥር) የሚታወቅ መነሻ ነጥብ ማግኘት። መነሻው ሩቅ ከሆነ ቶታል ስቴሽን (ርቀትና ማዕዘን የሚለካውን ባለ ሦስት እግር መሳሪያ) እየተከሉ እየነቀሉ እስከ ቦታህ ማምጣት ነው። ሰማዩ ክፍት ከሆነ አርቲኬ ጂፒኤስ የሚባለው የሳተላይት መለኪያ በአንድ ሁለት ሳንቲም ልዩነት ቶሎ ይገላግላል፤ ከረጅም ግንብ ወይም ከዛፍ ስር ግን ሲግናሉ እየነጠረ ያሳስታል፣ ስለዚህ ወደ ቶታል ስቴሽኑ መመለስ ነው። መስክ ላይ ግማሽ ቀን የፈጀ ስራ ቢሮ ውስጥ ሁለት ቀን ቢወስድ አይግረምህ። ስሌት አለ፣ ስዕል አለ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ፊርማ አለ። ፊርማው ማለት ነገ ጭቅጭቅ ቢነሳ ተጠያቂው እኔ ነኝ ማለት ነው፣ እሱም ዋጋው ውስጥ አለ።

ርካሹን ሰውዬ አንድ ነገር ብቻ ጠይቀው፦ የፈረምክበት፣ የመሬት አስተዳደር ቢሮው የሚቀበለው ፕላን ትሰጠኛለህ ወይ? መልሱ ዋጋው ለምን እንደረከሰ ይነግርሃል።

ባለ600ካሬ
አመሰግናለሁ፣ ጥሩ ትምህርት ነው። አንድ ነገር ላንሳ። ስልኬ ላይ መሬት የሚለካ አፕ አለ። አራቱን ጥግ ዞሬ ስነካ 571 ካሬ አለኝ፣ በሌላ ቀን 630። ካርታው 600። የቱን ልመን?

ጨረታ_ሰልችቶኛል
😂 አማካዩን ያዝ

የችካል_ሰው
የትኛውንም። ስልክ ሜዳ ላይ እንኳ ወደ 5 ሜትር ገደማ ይስታል፣ በግንብ መሃል ደግሞ ይብሳል። ወርድህ 20 ሜትር ነው እኮ! የሳተላይት ምስል ላይ መስመር ስበው «እዩ፣ ጎረቤት ገብቶብኛል» የሚሉም አሉ፣ ምስሉ ራሱ ጥቂት ሜትሮች ሸርተት ብሎ ሊቀመጥ እንደሚችል ሳያውቁ። አፑ እርሻ ውስጥ ለግምት ይሆናል። ለወሰን አይሆንም።

ፋይል_አሳዳጅ
እኔ መሬት አስተዳደር ውስጥ ብዙ ዓመት የሠራሁ ነኝ። እዚህ ሁሉም ስለ መለካት ያወራል፣ ገንዘብ የሚባክነው ግን ሌላ ጋ ነው፣ በቅደም ተከተሉ።

ሰው መጀመሪያ ቀያሽ ይጠራል። ችካል ያስተክላል። አንዳንዱ መሃል ላይ አጥር ሁሉ ያቆማል። ከዚያ ወረቀቱን ይዞ ቢሮ ይመጣና «ከተከፈለ በኋላ አንዱ ቦታ ከዝቅተኛው ስፋት በታች ይሆናል» ወይም «ፊቱ ጠባብ ነው» ይባላል። እንደገና ቅየሳ፣ እንደገና ክፍያ። ደንቡ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ የሚጠየቀው ግን በየትም ቢሆን ተመሳሳይ ነው፦ ዝቅተኛው የቦታ ስፋት ስንት ነው? የፊት ወርድ ቢያንስ ስንት መሆን አለበት? ቤቱ ከወሰን ምን ያህል መራቅ አለበት? ለኋለኛው ቦታ መግቢያ ስንት ሜትር ይፈለጋል? እነዚህን ጠይቆ መልስ መያዝ ከቅየሳው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ያ «ውድ» የተባለው ሰው መጀመሪያ ረቂቅ፣ ሲፀድቅ ችካል ማለቱ ሊበላችሁ ፈልጎ አይደለም። ሁለት ጊዜ እንዳትከፍሉ ነው።

የጓሮ_ባለቤት
@ፋይል_አሳዳጅ አንጀቴን አራስከው።

እኔ ከወንድሞቼ ጋር ስንከፍል የኋለኛው ደረሰኝ። ፕላኑ ላይ ቦታዬ ከፊተኛው እኩል ነው፣ ስንፈራረም ማንም ቅር አላለውም። ቤት ልሰራ ስል ነው ነገሩ የገባኝ። እኩልነቱ የመጣው የመግቢያው መንገድ ከእኔ ድርሻ ስለተቆጠረ ነው። መንገድ ላይ ቤት አይሰራም!

ለአንተ ቦታ ሂሳቡን ላሳይህ። 3 ሜትር መግቢያ በአንዱ ጎን ተወና ለሁለት እኩል 300፣ 300 ክፈለው። ፊተኛው 17 ሜትር ወርድ ይዞ ወደ ውስጥ 17.65 ይገባል፣ ሙሉ 300 ካሬ አንድ ወጥ ቦታ። ኋለኛው 20 በ12.35 ያገኛል፣ ይህ 247 ካሬ ነው። የቀረው 53 ካሬ መግቢያው ነው። ወረቀት ላይ እኩል፣ መሬት ላይ የአንድ ሰፊ ሳሎን ያህል ልዩነት። ከወሰን የሚራቀውን ስትቀንስ ደግሞ 12.35ቱ ምን ያህል እንደሚጠብ አስበው። ይህንን ከቀያሹ ጋር ገና በረቂቁ ላይ ተነጋገሩበት። ሁለት ሦስት አማራጭ እንዲስልላችሁ ጠይቁ፣ በረቂቅ ደረጃ መስመር ማንቀሳቀስ ርካሽ ነው።

ባለ600ካሬ
ኧረ ይህን በጭራሽ አላሰብነውም። እኛ በርዝመቱ እንክፈለው ብለን ነበር፣ 10 በ30፣ 10 በ30። ሁለታችንም መንገድ እናገኛለን።

ግንበኛው
መንገዱን ታገኛላችሁ፣ ቤቱን ግን አስበው። 10 ሜትር ወርድ ላይ ከሁለቱም ጎን ሁለት ሁለት ሜትር ብትተው 6 ሜትር ይቀርሃል። ባቡር ቤት ነው የምትሰራው፣ ጠባብና ረጅም። ሁለታችሁ ተስማምታችሁ የጋራ ግድግዳ ካቆማችሁና ደንቡ ከፈቀደ ግን ይሄዳል፣ 8 ሜትር ታገኛለህ። ቅየሳው ደግሞ በዚህ በኩል ይቀላል፣ ሁለት ነጥብ ብቻ።

ባለ600ካሬ
የጋራ ግድግዳውን እህቴ አትጠላውም። እንዲህ ተነጋገርን፦ ፊት ያለውን ማንም ስለማይለቅ በርዝመቱ ይሻላል 😅

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ውዱ ቀያሽ ለቅድመ እይታ መጥቶ ነበር። በመሳሪያው ሲያይ ርዝመቱ 30 አይሞላም አለ። እኔ ዛሬ በሜትር ለካሁት፣ ቁልጭ ያለ 30 ነው! ሜትሩን መሬት ላይ ዘርግቼ፣ ወጥሬ። እህቴ «አላልኩህም?» እያለችኝ ነው።

የችካል_ሰው
«ትንሽ ይወርዳል» ብለህ ነበር። ምን ያህል ነው የሚወርደው?

ባለ600ካሬ
ከመንገዱ እስከ ኋላ አጥር ከ4 ሜትር በላይ ይሆናል። ምን አገናኘው?

የችካል_ሰው
ሁሉን ነገር። የቦታ ስፋት የሚሰላው በአግድም ርቀት ነው፣ መሬቱን ተከትለህ በለካኸው አይደለም። መሬቱ 15 በመቶ ተዳፋት ከሆነ፣ ሜትርህ 30 ያለው አግድም ሲሆን 29.67 ነው። 33 ሳንቲም በ20 ሜትር ወርድ ስታባዛው ወደ 6.6 ካሬ ይሄዳል። የአንተም ሜትር አልዋሸም፣ የሰውየው መሳሪያም አልዋሸም። ሁለት የተለያየ ነገር ለክታችሁ ነው። ከፈለግክ እንዲህ አጣራው፦ የሜትሩን ታችኛውን ጫፍ በእንጨት ከፍ አድርገህ በውሃ ልክ አግድም አድርገው፣ ከጫፉ ቱንቢ ጣል፣ እንዲህ እያልክ በአጭር በአጭሩ ደረጃ እየወረድክ ለካ። ቁጥርህ ወደ ሰውየው ይጠጋል።

ምናልባት ካርታውን ያወጣው ሰው ራሱ ያኔ እንዳንተ መሬት ለመሬት ለክቶ ይሆናል፣ ሜትር ብቻ በነበረበት ዘመን ይህ በብዛት ያጋጥማል።

(ለነገሩ ሌላም ትንሽ ልዩነት አለ። ዩቲኤም በሚባለው፣ ክቡን ምድር በዞን ከፋፍሎ ጠፍጣፋ ካርታ ላይ በሚያሰፍረው ሥርዓት የተሰላ ርቀት ዞኑ መሃል አካባቢ በኪሎ ሜትር 40 ሳንቲም ያጥራል። ለ30 ሜትር ግን 1.2 ሳንቲም ብቻ ነው፣ እንቅልፍ አይነሳም። ሙያው ሲይዝህ እንዲህ ያደርግሃል።)

ገመድና_ሜትር
እሺ ተዳፋት ላይ ተረታሁ። ሜዳ ላይ ግን ሜትሬን አልጥልም።

ፋይል_አሳዳጅ
@ባለ600ካሬ ከእህትህ ጋር የተፈራረማችሁት ወረቀት አለ? ምን ይላል?

ባለ600ካሬ
አለ። «እያንዳንዳቸው 300 ካሬ ሜትር ይደርሳቸዋል» ይላል።

ፋይል_አሳዳጅ
ቀይሩት፣ ሌላ ሳታደርጉ።

በልኬት 593 ካሬ ቢወጣ ሁለት 300 ከየት ይመጣል? መጀመሪያ የተለካለት 300ውን ይዞ ይሄዳል፣ የቀረው 293 የሌላው ነው። «አንተ ነህ የጎደለብህ»፣ «አይ አንቺ ነሽ»፣ ይኸው የወንድምና የእህት ፍርድ ቤት። ወረቀቱ «በልኬት ከተረጋገጠው ጠቅላላ ስፋት ለእያንዳንዳቸው ግማሽ» ይበል። ቁጥሩን ከልኬቱ በኋላ በአባሪ ፕላን አስገቡት። ቃል መቀየር ዛሬ ምንም አያስወጣችሁም።

የካርታውና የልኬቱ ልዩነት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፣ ቦታውን ለሁለት ከመክፈላችሁ በፊት ቢሮው እንዲያውቀው አድርጉ። ብዙ ቦታ የሚታለፍ የልዩነት መጠን አለ፣ ከዚያ ካለፈ መጀመሪያ የጠቅላላው ካርታ ይስተካከላል። ሳይስተካከል መክፈል ስህተቱን በሁለት ካርታ ማባዛት ነው።

የጓሮ_ባለቤት
አዋሳኞቹንም አስፈርሙ። ቀያሹ ጥጉን ሲያሳይ ጎረቤት ቆሞ ይይ፣ ይፈርም። እኛ ጋ ያልፈረመው አንዱ ጎረቤት ነው፣ እስከ ዛሬ ሰላምታችን ቀዝቃዛ ነው።

ሰላም_ለሁሉ
ክሩን እየተከታተልኩ ነው፣ እኛም ቦታ ልንከፍል ነው። ክፍያውን ማን ይሸፍናል? እኛ ጋ ድርሻው እኩል አይደለም፣ እኔ ሲሶ ነኝ፣ አጎቴ ሁለት ሦስተኛ። መሸጥ የፈለገው እሱ ነው። ግማሽ ግማሽ ክፈሉ ይለኛል።

ጨረታ_ሰልችቶኛል
የሚሸጠው ይክፈል። አንቺ ምን ተዳሽ።

የችካል_ሰው
እንደዛ ቀላል አይደለም። አዲሱ መስመር የሁለታችሁም ወሰን ነው፣ ነገ ካርታሽም በሱ ይወጣል። ዋጋው በካሬ ስላልሆነ «የኔ ትንሽ ነው፣ ትንሽ ልክፈል» የሚለው በስራው በኩል ብዙም አያስኬድም። በሌላ በኩል ደግሞ ጥያቄው የመጣው ከሱ ጥቅም ነው።

ፋይል_አሳዳጅ
የፈረንሳይ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 646 ጎረቤታሞች ወሰናቸውን ሲያስምሩ ወጪው የጋራ ነው ይላል። ሃሳቡ ወሰን ለሁለቱም ይጠቅማል የሚል ነው። ያ ግን ሁለት የተለያየ ይዞታ ላላቸው ጎረቤቶች ነው። አንድ ቦታ ሲከፈል አብዛኛው ሰው የሚያደርገው በስምምነት ነው። እኔ ብሆን እንዲህ እላለሁ፦ የወሰን ማጣሪያውና የመክፈያው መስመር የጋራ፣ ለሽያጭ ብቻ የሚፈለገው ተጨማሪ ፕላንና ማመልከቻ የሻጩ። ብቻ ቀያሹ ከመጠራቱ በፊት በጽሑፍ ይሁን። ደረሰኙ ከመጣ በኋላ አጎት ሌላ አጎት ይሆናል።

ሰላም_ለሁሉ
😂😂 ልክ ነህ። አመሰግናለሁ።

ግንበኛው
ስለ ችካል ማንም አላወራም፣ እኔ ግን በየሳይቱ የማየው ነው። ቀያሹ የእንጨት ችካል ይተክላል። ሳምንት ሳይሞላ ቆፋሪ ማሽን ይገባል። ኦፕሬተሩ ችካል የሚያይ ይመስላችኋል? ጠራርጎ አፈሩ ውስጥ ይቀብረዋል። ከዚያ ባለቤቱ ይደውላል፣ «እባክህ ነጥቤን መልስልኝ»። ሁለተኛ ጉዞ፣ ሁለተኛ ክፍያ።

ብረት ይሁን፣ በኮንክሪት ይታሰር። ከወሰኑ ነጥብ ሌላ፣ ማሽን የማይደርስበት ቦታ ላይ መጠቆሚያ ነጥቦችም አስደርጉ፣ ለምሳሌ አጥሩ ላይ በቀለም፣ ርቀቱ ፕላኑ ላይ ተጽፎ። ችካሉ ቢጠፋ ከሁለት መጠቆሚያ በሜትር ትመልሰዋለህ። ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ፎቶ አንሱ፣ ሜትሩ ተዘርግቶ ቁጥሩ እየታየ።

የችካል_ሰው
@ግንበኛው በል እሱን ለሁሉም አሰሪ ንገርልኝ። አንድ ልጨምር። ቤት መስራታችሁ ካልቀረ አርክቴክቱ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ የሚያሳይ ፕላን ይጠይቃችኋል፣ በተለይ 4 ሜትር የሚወርድ ቦታ ላይ። እሱን ለብቻው ስታሰሩ ሰራተኛውና መሳሪያው ሁለተኛ ይጓዛል። ከወሰኑ ጋር በአንድ መውጫ ቢለካ ጭማሪው ትንሽ ነው። የውሃ መስመሩም፣ የፍሳሹም፣ የመብራት ምሰሶውም አብሮ ይነሳ። ቁልቁለት ስለሆነ የሁለታችሁም ፍሳሽ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው፣ በማን በኩል እንደሚያልፍ ፕላኑ ላይ መስመር ይኑረው።

ባለ600ካሬ
ሁለቱን ዋጋ ጎን ለጎን አስቀምጠን መስመር በመስመር አየናቸው። የርካሹ ውስጥ የወሰን ማጣሪያ የለም፣ የተፈረመ ፕላን የለም፣ ቢሮ ጥያቄ ቢያነሳ መልስ መስጠት የለም፣ የኮኦርዲኔት ዝርዝር የለም። ደውዬ «እነዚህን ብትጨምር ስንት?» ስለው የጠራው ዋጋ ከውዱ በትንሹ ነው የሚያንሰው። የተፈረመ ፕላኑን ደግሞ «በሌላ ሰው አስፈርሜ አመጣለሁ» አለ።

ፋይል_አሳዳጅ
በሌላ ሰው የሚፈረመውን ተወው።

ባለ600ካሬ
ትተነዋል። ውዱም በመጨረሻ አልተወደደም፣ ክፍያውን በሁለት ዙር አደረገልን፦ ማጣሪያውና ረቂቁ አሁን፣ ችካሉ ከፀደቀ በኋላ። ካልፀደቀ ሁለተኛውን አንከፍልም። የከፍታ ልኬቱንም በትንሽ ጭማሪ አስገባው። የጽሑፍ ስምምነቱን ዛሬ ማታ ከእህቴ ጋር እንቀይራለን፣ «ግማሽ» በሚል። እሷ አንድ ጥያቄ አላት፦ ዲጂታል ፋይሉን ብንጠይቀው ይሰጠናል ወይስ ለብቻ ያስከፍላል?

የችካል_ሰው
ከመፈራረማችሁ በፊት ጠይቁ፣ አብዛኛው ሰው ያለ ጭማሪ ይሰጣል። የካድ ፋይሉን (የፕላኑን የኮምፒውተር ስዕል)፣ የኮኦርዲኔት ዝርዝሩን፣ በየትኛው የኮኦርዲኔት ሥርዓት እንደተሰራ የሚገልጽ አንድ መስመር፣ መነሻ የተደረጉትን ነጥቦች ስም። እነዚህ ካሏችሁ ሌላ ቀያሽ ነገ ችካሉን ለመመለስ ከባዶ አይጀምርም። ከስራው በኋላ ከጠየቃችሁ ግን «ፋይሉን ልፈልገው» ይላችኋል፣ ፍለጋው ደግሞ መቼም አያልቅም።